ባንድ ቀን የዋሉ በዓላት

«ወይ እህትሽ ትቀነስ፣ ወይ እኛ!» አለ ኤፍሬም፣ የሐረገ ወይንን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ እያንሸራተተ።

ስልኩ ሚሞሪው ሞልቶ፣ ከእንግዲህ አንድ ፋይል እንኳን አልቀበልም ብሏል። ሁለቱ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በትምህርት ቤታቸው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስሟን የማታሳፍረው የንፋስ መውጫ ከተማ ያን ቀንም የጣሪያውን ቆርቆሮ ታንኳኳለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚኒ ሚዲያ ክበባቸው የሰልፍ ሜዳው ድምፅ ማጉያ ከተበላሸ ወዲህ ፕሮግራሙን በስልክ እየቀረፀ በብሉቱዝ ከልጅ ወደ ልጅ ያዳርሳል። የእንግሊዝኛ መምህራቸው «ፖድካስት ማለት እኮ ይኸው ነው» ብለው ስም ስላወጡለት፣ ተማሪው ሁሉ ፖድካስት ይለዋል። የሚያነበው የሐረገ ወይን ድምፅ ነው፤ የሚቀርፀው የሐረገ ወይን ስልክ ነው፤ ቆርጦ የሚቀጥለው ደግሞ ኤፍሬም ነው። ስለዚህ ስልኩ ሲሞላ ሁልጊዜ ሁለቱ ይጨቃጨቃሉ።

«እህቴ አትቀነስም» አለች ሐረገ ወይን።

«ያየሻቸው ቪዲዮዎች አይደሉም እንዴ? ገናን አሁን ምን ታደርጊዋለሽ?»

«አትቀነስም አልኩህ!»

እህቷ ሙሉነሽ ኩዌት ናት፤ ሰው ቤት ትሠራለች። አብራት የነበረችው ጓደኛዋ ካሣነሽ ባለፈው ዓመት ማብቂያ ላይ ወደ አገሯ ተመልሳ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጫማና ልብስ የምትሸጥበት ሱቅ ከፍታለች። ከዚያ ወዲህ በዓል በደረሰ ቁጥር «ሙሉነሽ በኢንተርኔት ልካልኝ ነው» ትልና የእንኳን አደረሳችሁ ቪዲዮ ለሐረገ ወይን ትሰጣታለች። የእንቁጣጣሹም የገናውም እንዲያ ነው የመጡት። ሐረገ ወይን ለበዓል ወላጆቿ ወዳሉበት ገጠር ስትሄድ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «ኧረ ወፍራለች! ኧረ ቀልታለች!» ይላል። ሦስተኛውን፣ የፋሲካውን፣ ካሣነሽ የሰጠቻት ትናንት ነው። «እስከ በዓሉ እንዳትከፍቺው» ብላታለች።

«እሺ፣ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ እናድርጋቸው» አለ ኤፍሬም ለስለስ ብሎ። «እህትሽም እኛም በፍላሽ እንቀመጣለን፤ ስልክሽም ይተነፍሳል። ፈታ በይ።»

ሚሞሪውን አውጥቶ በካርድ ሪደር ሰካው። መጀመሪያ ቫይረሱን ፈተሸ፤ የዚያ ክፍል ኮምፒውተሮች ያልበከሉት ፍላሽ የለም። ከዚያ የቪዲዮውን ፎልደር ከፈተ። ሊጎትታቸው ሲል እጁ ማውሱ ላይ ቀረ።

«አንቺ… እነዚህ የየበዓሉ ናቸው ያልሽኝ አይደል?»

«አዎ።»

«ታዲያ ስማቸውን አየሽው?»

ሐረገ ወይን ተጠጋች። የፋይሎቹ ስም ረጅም የቁጥር ድርድር ነው፤ አይታው ታውቃለች፣ አንብባው ግን አታውቅም። ኤፍሬም በጣቱ አሳያት። «መጀመሪያ ያለው ዓመተ ምሕረቱ ነው፤ በፈረንጅ። ቀጥሎ ወሩ፣ ቀጥሎ ቀኑ። ካሜራው ራሱ ነው የሚሰይመው። መጨረሻ ላይ ያለችው ደግሞ ተራ ቁጥር ናት፤ በዚያ ቀን ስንተኛ እንደቀረፀ።»

ሦስቱም ላይ ያለው ቀን አንድ ነበር። ኤፍሬም በጣቱ ቆጥሮ ወደ ሐበሻ ሲመልሰው ነሐሴ ላይ ዋለ። ያለፈው ነሐሴ።

«ሊሆን አይችልም» አለች። «እዚህ ጋ ሌላ ቀን አለ፤ ይኸው፣ ጃንዋሪ ይላል።»

«እሱ አንቺ የተቀበልሽበት ቀን ነው፤ በብሉቱዝ ሲገባ ያንቺ ስልክ የጻፈው።»

«ስልኳ ቀኑን ስቶ ቢሆንስ? ያንተ ስልክ ባትሪው በወለቀ ቁጥር ያረጀ ዓመት አይደል የሚለው?»

ኤፍሬም አሰበ። «ይስታል፤ ግን ቢስትም መቁጠሩን አይተውም። ከእንቁጣጣሽ እስከ ፋሲካ ሳይነጋ ሳይመሽ አንድ ቀን ላይ አይቆምም።»

ሐረገ ወይን ከዚያ በኋላ በዓሉን አልጠበቀችም። የፋሲካውን ቪዲዮ ከፈተችው። ሙሉነሽ ነጭ ሻሽ አስራ፣ ከግድግዳ ጋር ተጣብቃ ቆማለች። «አባ፣ እማ፣ ሐረግዬ፣ እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ! እኔ በጣም ደህና ነኝ» ትላለች። እጇን ስታውለበልብ አውራ ጣቷ ላይ ነጭ ፕላስተር ታየ።

ያ ፕላስተር! በእንቁጣጣሹ ቪዲዮ አባቷ አይተውት «ምን ነካት?» ብለው ነበር። በገናው ደግሞ እናቷ «ይኸ ቁስል እስካሁን አልጠገገም?» ብላ ስትብሰከሰክ ሰንብታለች። ሐረገ ወይን የገናውን ከፈተች። «እዚህም በርዷል፤ እናንተስ ብርዱን እንዴት ቻላችሁት?» ትላለች ሙሉነሽ፤ የላይኛው ከንፈሯ ላይ ግን ላብ ችፍ ብሏል። ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ሰው ያን ላብ አላየውም። ሁሉም ያየው መወፈሯንና መቅላቷን ነው።

«ደግሞ» አለ ኤፍሬም ቀስ ብሎ፣ «ተራ ቁጥሩ አንድ፣ ሁለት፣ አራት ነው የሚለው። ሦስት የለም።»

ከትምህርት ቤቱ ወጥታ ወደ መናኸሪያው ስትወርድ ሐሳቧ እንደተወዛወዘ ጠላ ደፈረሰባት። ሙሉነሽ በነሐሴ ፋሲካን ምን አስቀደማት? ካሣነሽ በኢንተርኔት ተላከልኝ ያለችው ውሸት ከሆነ፣ የቱ ነው እውነቱ? አንዱን ጥያቄ ስትይዝ ሌላው ያመልጣታል። ከሁሉ በታች ያለችውን ጥያቄ ደግሞ ልታነሳት አልደፈረችም። አንድ ባጃጅ ጡሩንባውን እየነፋ አጠገቧ ሲደርስ ነው መሐል መንገድ መሆኗን ያወቀችው። «አንቺ ልጅ፣ ተኝተሽ ነው የምትሄጂው?» ብሎ ሹፌሩ ጮኸባት።

ካሣነሽን ሱቋ በር ላይ ጫማ እየሰቀለች አገኘቻት። ሐረገ ወይን ሰላምታ እንኳን ሳታስቀድም ስልኳን ዘረጋችላት።

«እትዬ ካሣነሽ፣ እታለም እነዚህን መቼ ነው የላከችልሽ?»

«ነግሬሽ የለ? በየበዓሉ ነዋ።»

«ስማቸው ላይ ያለው ቀን አንድ ነው።»

ካሣነሽ ስልኩን ሳታይ ወደ ጫማዎቹ ዞረች። «ኢንተርኔቱ ነው እንዲያ የሚያደርገው። ኔትወርኩ የራሱን ቁጥር ይሰጠዋል።»

«ጣቷንስ? ጣቷንም ኔትወርኩ ነው ያሰረላት?»

ካሣነሽ የያዘችው ጫማ እጇ ላይ ቀረ። ገበያተኛ አለመኖሩን አይታ በሩን ገርበብ አደረገችና «ተቀመጪ» አለቻት።

ሐረገ ወይን አልተቀመጠችም። ያች የፈራቻት ጥያቄ ሳታስባት ከአፏ ወጣች። «ሞታለች?»

«ኧረ በስመ አብ! ኧረ አፍሽን ቁረጪ!» ካሣነሽ ደረቷን ያዘች። «አልሞተችም። ማርያምን! እኔ የማውቀው… እስከማውቀው ድረስ ደህና ናት።»

ከዚያ ነገረቻት። ካሣነሽ ወደ አገሯ በምትመለስበት ዋዜማ፣ ሙሉነሽ ሌላ ቤት ልትገባ ተዋውላ ነበር። ቤቱ ከከተማ የራቀ ነው፤ የቤቱ እመቤት ሠራተኛ ስልክ እንድትይዝ አትፈቅድም። ውሉ ደግሞ የሁለት ዓመት ነው። ሙሉነሽ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። «አባ ድምፄን ካጣ እህል አይቀምስም» አለችና፣ የሷንም የካሣነሽንም ሻሽ እየቀያየረች በካሣነሽ ስልክ የሁለት ዓመት በዓል ባንድ ቀን ተቀረፀች።

«ለመጪው እንቁጣጣሽም አለ» አለች ካሣነሽ፣ አንገቷን ደፍታ። «ለገናም።»

«ከዚያ ወዲህስ አግኝተሻታል?»

«ኅዳር ላይ በማላውቀው ቁጥር ደወለች። ደህና ነኝ አለችኝ፤ ድምጿም ደህና ነበር። ሳንጨርስ ተቋረጠ። መልሼ ብደውል ብደውል አይነሣም። ከዚያ ወዲህ እኔም እንዳንቺው ነኝ፤ ምንም አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽንም?»

«በማርያም አስምላኛለች፣ ሐረግዬ! ምን ላድርግ? አባትሽን መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር ልቤ ይመታል። ‹ልጄ እንዴት ናት?› ይሉኛል። ‹ደህና ናት› እላለሁ። እንዲህ ስል እውነት መናገሬን ይሁን መዋሸቴን ራሴም አላውቀው።»

ሐረገ ወይን ልትቆጣ ፈልጋ ነበር የመጣችው። ቁጣው ግን ማን ላይ እንደሚያርፍ ጠፋት። ካሣነሽ ቃሏን ጠበቀች። ሙሉነሽ ለአባቷ አሰበች። ሁሉም መልካም አሰቡ፤ ነገሩ ግን እንዲህ ሆነ።

«ሦስተኛውን ስጪኝ» አለች በመጨረሻ።

«የቱን ሦስተኛ?»

«ሁለት ካለ በኋላ አራት አለ። መሐሉ ላይ አንድ ጎድሏል።»

ካሣነሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እሱ እንኳን የተበላሸ ነው። አጥፊው ብላኝ ነበር፤ ሳሳሁለትና አስቀረሁት። ላንቺ አይሆንሽም።»

«ይበላሽ። ስጪኝ።»

ብሉቱዙ እንደ ቀንድ አውጣ እየተጎተተ ፋይሉን አሳለፈው። ሁለቱ ከጫማ ካርቶኖቹ መሐል ተቀምጠው ተመለከቱት።

ሙሉነሽ ነጩን ሻሽ እያስተካከለች ነው። «እንኳን ለብርሃነ ልደቱ…» ትልና ትቆማለች። ወደ ካሜራው ጠጋ ትላለች። «ካሥዬ፣ የቱ ላይ ነን? ገናን ብዬዋለሁ?»

«ገናን ብለሻል» ይላል ከካሜራው ጀርባ የካሣነሽ ድምፅ። «አሁን ፋሲካ ነው።»

«ወይ ጉድ! ሳይጾሙ ላስፈስካቸው ነው!» ብላ ሙሉነሽ ትስቃለች። አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች፤ ሐረገ ወይን የምታውቀው ሳቅ ነው፤ ቤት ሳለች አንዴ ከጀመራት የማያባራው ሳቅ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ይጠፋል። በመስኮቱ በኩል ወደ ውጭ ታያለች። «እስከ ፋሲካ ግን… እስከ ፋሲካ የት እሆን ይሆን፣ ካሥዬ?»

«ላጥፋው?» ይላል ድምፁ።

«ቆይ።» ሙሉነሽ ቀጥ ብላ ወደ ካሜራው ታያለች። «አባ» ትላለች። ቀጥሎ የምትለው ያለ ይመስላል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ቪዲዮው እዚያ ላይ ያበቃል።

ካሣነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ሐረገ ወይን አላለቀሰችም። ከሦስቱ ደህና ቪዲዮዎች ይልቅ እህቷን ያገኘቻት በዚህ በተበላሸው ውስጥ መሆኑ ግራ አጋባት።

በማግስቱ ለኤፍሬም ሁሉንም ነገረችው። እሱም እንደ ልማዱ መፍትሔው ጣቱ ላይ ነበር።

«ሪኔም ላድርጋቸው? አንድ ሴኮንድ ነው። አንዱን እንቁጣጣሽ፣ አንዱን ገና፣ አንዱን ፋሲካ እላቸዋለሁ። ቁጥሩ ይጠፋል፤ ማንም አያውቅም።»

እጁ ኪቦርዱ ላይ ነበር። ሐረገ ወይን እሺ ልትለው ምንም አልቀራት። ከዚያ ግን አሰበች፤ አባቷ የፋይል ስም አያነቡም። እናቷም አታነብም። በመንደሩ ያን ቁጥር አይቶ የሚጠይቅ አንድ ሰው የለም።

«ታዲያ ከማን ነው የምንደብቀው?» አለችው።

ኤፍሬም እጁን ከኪቦርዱ አነሣና የክበቡን ፖድካስቶች ብቻ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ከስልኩ አጠፋቸው። «ቦታ አግኝተሻል» አለ። «የእህትሽ እንዳለ ይቀመጥ።»

የሕማማት ሳምንት የበዓል ገበያ ደረሰ። አባቷ አቶ ባዩ በአህያቸው ምስርና ገብስ ጭነው መጡ፤ ሸጠው፣ ዘይትና ጨው ገዝተው፣ ከሰዓት በኋላ እሷንም ይዘው ወደ ገጠር ጉዞ ጀመሩ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል። መንገደኛው ሁሉ የበዓል ሸክም ይዟል፤ አንዱ በግ ይጎትታል፣ አንዱ ዶሮ በብብቱ ሸጉጧል።

«ፋሲካውስ መጣ?» አሉ አባቷ፣ ከከተማው ራቅ እንዳሉ። ፋሲካ የሚሉት የሙሉነሽን ቪዲዮ መሆኑን ሐረገ ወይን ታውቃለች።

«መጥቷል፣ አባ።»

«ጎሽ! አሁን ተዪው፤ እቤት እናየዋለን። እናትሽ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታለች። ሙሉነሽን ሳናይ ፍስክ አይቀመስም ብላለች።» ትንሽ ሄዱና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ብቻ ጣቷ ድኖ ቢሆን። እናትሽ በዚያ ጣት ነገር እንቅልፍ የላትም። ከገና ወዲህ ለኪዳነ ምሕረት ተስላለች።»

ፕላስተሩ በፋሲካውም አለ። እናቷ ታየዋለች፤ ደግሞ ትሳላለች። በእንቁጣጣሽም ታየዋለች፤ ደግሞ ትሳላለች። በነሐሴ ለተቆረጠና ምናልባት በሳምንቱ ለዳነ ጣት እስከ መቼ ይጸለያል? ስለ ሙሉነሽ ሌላ የሚጸለይ ነገር ቢኖርስ? አባቷ ቢያውቁ የሚጠይቁት ሰው አያጡም ነበር፤ ያስቀጠራትን ደላላ፣ አዲስ አበባ ያለውን የአክስቷን ልጅ፣ ኩዌት ሰው ያላቸውን ቤቶች ሁሉ። አሁን ግን የሚፈልጋት የለም። ደህና ናት የተባለችን ልጅ ማን ይፈልጋታል?

ግን ደግሞ «አባ ድምፄን ካጣ እህል አይቀምስም» ብላለች እህቷ። ብነግራቸው ወድቀው ቢቀሩስ? ሙሉነሽ ስትመጣ «ለምን ነገርሽው?» ብትለኝስ? ሐሳቡ ወዲህና ወዲያ እንደ ተንጋደደ ሚዛን ሲወዛወዝባት፣ አንድ ነገር ብቻ ቁርጥ ሆኖ ታያት፤ ያን ሁሉ ጎረቤት ሰብስባ፣ የላቡንና የጣቱን ነገር እያወቀች፣ ስልኩን ይዛ መቆም አትችልም።

«አባ፣ እዚህ ጋ እንቀመጥ» አለች።

«ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። እቤት ሳንደርስ የማሳይዎት ነገር አለ።»

አባቷ ፊቷን አዩት። ምንም ሳይጠይቁ አህያዋን ጥርጊያው ዳር ካለ ባሕር ዛፍ አሰሩና ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ሐረገ ወይን ስልኩን አውጥታ ፎልደሩን ከፈተች። ደህናውና የተበላሸው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ጣቷ ደህናው ላይ ጥቂት ቆየ፤ ከዚያ አለፈችውና ሦስተኛውን ነካችው።

አባቷ ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ፀሐዩን ለመከለል በጋቢያቸው ጥላ ሠሩለት። ከጋቢው ሥር የሙሉነሽ ድምፅ ወጣ። «ካሥዬ፣ የቱ ላይ ነን?» ስትል አባቷ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ሳይጾሙ ላስፈስካቸው ነው!» ስትል እሳቸውም ሳይታወቃቸው ሳቁ። ሙሉነሽ ስታቆም እሳቸውም አቆሙ። «አባ» ብላ ዝም ባለች ጊዜ፣ «አቤት» አሉ።

ስክሪኑ ጨለመ። ስልኩን ግን አልመለሱላትም።

«ይኸ መቼ ነው?» አሉ።

«ነሐሴ ላይ ነው፣ አባ። ሁሉም ነሐሴ ላይ ነው።» ከዚያ ካሣነሽ የነገረቻትን ምንም ሳታስቀር ነገረቻቸው፤ የምታውቀውንም፣ ማንም የማያውቀውንም። አባቷ አልወደቁም። መሬቱን በዱላቸው ጫፍ እየጫሩ እስከ መጨረሻው አዳመጧት።

«ያች ካሣነሽ» አሉ በመጨረሻ፣ «የቤቱን መንገድ ታውቀዋለች?»

«የሰፈሩን ስም ታውቃለች። የደወለችበትም ቁጥር አላት።»

አባቷ ተነሡ። አህያዋን ፈቱና፣ ፊቷን ወደ መንደር ሳይሆን ወደመጡበት፣ ወደ ንፋስ መውጫ አዞሯት። ገበያተኛው ሽቅብ እየመጣ፣ እነሱ ቁልቁል በመሐሉ መንገድ መፈለግ ጀመሩ። ሐረገ ወይን ሮጣ ደረሰችባቸው።

«እማስ? ጎረቤቶቹስ?»

«ፋሲካው ገና ነው፣ ልጄ» አሉ። «ሱቋን ሳትዘጋ እንድረስባት።»